ሦስት ሜትር መተላለፊያ

ሰኔ ሲጋመስ ኦስሎ ላይ ሌሊቱ ከስሙ በቀር ሌሊትነት የለውም፤ ፀሐይ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትወጣለች። እንዲህ ባለ አንድ ቅዳሜ፣ ከማለዳው 12 ሰዓት ላይ፣ በከተማዋ አቅራቢያ በሚገኝ ማዘጋጃ ቤት የሚሠራ ኢትዮጵያዊ የውሃ መሐንዲስ ብስክሌቱን ከምድር ቤት አወጣ። የጎማውን ንፋስ በአውራ ጣቱ ተጭኖ አየ፤ ከኋላ ባለው መጫኛ ላይ ዳቦ፣ ቡና የሞላ ፔርሙዝና የዝናብ ልብስ አሰረ። ያሰበው በኦስሎፊዮርድ ምዕራባዊ ዳርቻ ወርዶ ወደ 35 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ስሌመስታድ ለመድረስ ነበር። በኪሱ ባለው ስልክ ውስጥ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ ያልመለሰው መልእክት ነበር።

መልእክቱ ከባሕር ዳር፣ ከታላቅ እህቱ የመጣ ነው። ወላጆቻቸው ትተውላቸው ያለፉት ቤት ነባር ይዞታ ነው፤ ግቢው ቀስ እያለ እስከ ጣና ዳርቻ ይወርዳል። አንድ ባለሀብት ቤቱን ለረጅም ዓመታት ተከራይቶ የእንግዳ ማረፊያ ሊያደርገው ይፈልጋል። የሚከፍለው ኪራይ ጥሩ ነው፤ ያቀረበውም ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነው። ግቢው በሁለቱም ጎን እስከ ውሃው ድረስ በግንብ ይታጠር ብሏል። በግቢው ጠርዝ ግን እነሱ ከመወለዳቸው በፊት የነበረ የእግር መንገድ አለ። ልብስ አጣቢዎች፣ የደንገል ታንኳቸውን የሚጎትቱ ሰዎች፣ ከብት የሚያጠጡ ልጆች ያልፉበታል። አሜሪካ ያለው ታናሽ ወንድማቸው በዚያው ቀን «እስማማለሁ» ብሎ መልሷል። እህቱ የጻፈችው አጭር ነበር፤ «የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ። ሰውየው እስከ ወሩ መጨረሻ ይጠብቀናል።»

መሐንዲሱ በኦስሎ ባሉ ኢትዮጵያውያን ዘንድ በአንድ ክርክር ይታወቃል። የከተማ ነገር በተነሣ ቁጥር ስለ ብስክሌት መንገድ ያወራል። ኦስሎ እ.ኤ.አ. ከ2015 በኋላ ከመሐል ከተማዋ በመቶዎች የሚቆጠሩ የመኪና ማቆሚያዎችን ማንሣቷን፣ በ2019 በከተማዋ አንድም እግረኛ፣ አንድም ብስክሌተኛ በትራፊክ አደጋ አለመሞቱን እየጠቀሰ፣ ሜዳማዋና ዘንባባ የተተከለባት ባሕር ዳር ይህንን ከኦስሎ ቀድማ ልታሳይ ይገባት እንደነበር ይናገራል። አባቱ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ፤ በየማለዳው በብስክሌት ወደ ሥራ ሲሄዱ እሱን ከፊት ባለው ብረት ላይ አስቀምጠው እስከ ትምህርት ቤት ያደርሱት ነበር። ከአባቱ የወረሰው ይህንን ልማድ ነው። እነሆ አሁን ደግሞ ከአባቱ በወረሰው ሌላ ነገር፣ በግቢው ላይ፣ ፊርማ ይጠበቅበታል።

የመንገድ ክርክሩን ከግቢው ጥያቄ ጋር አገናኝቶ አያውቅም ነበር። እነዚያ ሦስት ቀናት ዝም ያለውም ሁለቱ ጉዳዮች አንድ መሆናቸውን መጠርጠር ስለ ጀመረ ነው።

የጠመኔው ገደል

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት በጋ ነው። ያን ጊዜ ከኦስሎ ማታ በሚነሣው መርከብ ብስክሌቱን ጭኖ በነጋታው ኮፐንሃገን ወረደ፤ ከዚያም ወደ ደቡብ እየነዳ ስቴቭንስ ወደሚባለው ዳርቻ ሄደ። ስቴቭንስ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ከፍ ባለው ቦታ ወደ 40 ሜትር የሚደርስ ገደል ነው። የታችኛው ክፍል ነጭ ጠመኔ ነው። በዓይን የማይታዩ የባሕር ፍጥረታት ቅርፊት ለሚሊዮን ዓመታት በባሕር ወለል ላይ ተከማችቶ የሠራው ጠመኔ በጣት ሲነካ እጅን ያነጣል። ከላዩ ጠንከር ያለ የኖራ ድንጋይ ተደርቦበታል። በሁለቱ መካከል የሚያልፈው ቀጭን የጥቁር ሸክላ መስመር የ66 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አለው። ዳይኖሰሮች ከጠፉበት ጊዜ የቀረ መስመር ሲሆን፣ በውስጡ የተገኘው ኢሪዲየም የተባለ ብረት ከሰማይ የወደቀ ግዙፍ አለት የመኖሩ ማስረጃ ሆኗል። ዩኔስኮ ገደሉን በ2014 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በዚህ ምክንያት ነው።

መሐንዲሱን የያዘው ግን ሸክላው አልነበረም። ሆየሩፕ በምትባል መንደር፣ በገደሉ አፋፍ ላይ፣ ግማሽ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ባሕሩ የታችኛውን ለስላሳ ጠመኔ እየበላ የላይኛውን ድንጋይ አንጠልጥሎ ይተወዋል፤ አንድ ቀን የተንጠለጠለው ይወድቃል። በ1928 የቤተ ክርስቲያኑ የምሥራቅ ክፍል እንዲሁ ወደ ባሕር ወረደ። የእግር መንገዱ ዛሬም በአፋፉ ላይ ያልፋል። ብስክሌቱን ከግንብ ጋር አስደግፎ ሲመለከት አንድ ጥያቄ መጣበት። ዳርቻው በየጊዜው ወደ ኋላ ከሄደ መንገዱ የት ይሄዳል? ከመንገዱ በስተጀርባ ያለው እርሻ ባለቤት አለው። ገደሉ መንገዱን በበላው ቁጥር መንገደኛው በማን መሬት ላይ ይቆማል?

ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ ካላቸው አገሮች አንዷ እንግሊዝ ናት። የ2009ኙ የባሕርና የዳርቻ ሕግ በዳርቻዋ ዙሪያ የእግር መንገድ እንዲዘረጋ ሲያዝ፣ ጠመኔው በሚናድባቸው ቦታዎች መንገዱ ከገደሉ ጋር ወደ ኋላ እንዲያፈገፍግ የሚያስችል ድንጋጌ አስገብቷል። መሬት ሲጎድል የሚጎድለው የመንገደኛው መብት አይደለም። ፈረንሳይ በ1976 ባወጣችው ሕግ ከባሕር ጋር የሚዋሰን የግል ይዞታ ሁሉ ለእግረኛ የሦስት ሜትር መተላለፊያ እንዲተው አዘዘች። ሦስት ሜትር ሁለት ብስክሌቶች ተጣጥለው እንኳ የማይሞሉት ስፋት ነው። ነገር ግን ሕጉ ቁጥሩን ስለጠቀሰ ገበሬውም፣ የሆቴል ባለቤቱም፣ መንገደኛውም በምን ላይ እንደሚከራከሩ ያውቃሉ።

የሁሉም ሰው መብት

የዘንድሮው ጉዞ ከኦስሎ ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ካለው አደባባይ ጀመረ። መሐንዲሱ በወደቡ ዳር አድርጎ ወደ ቢግዶይ ልሳነ ምድር ገባ፤ በንጉሣዊው እርሻ ማሳዎች መካከል አልፎ ጫፉ ላይ ወዳለችው ሁክ ደረሰ። እዚህ ያለው ዳርቻ እንደ ስቴቭንስ አያስደነግጥም፤ ዝቅ ያለ ነው። ድንጋዩ ግን የዚያ ታላቅ ዘመድ ነው። ግራጫ የኖራ ድንጋይና ጥቁር ለስላሳ ድንጋይ በየተራ ተደርድረው፣ ተጣጥፈውና ተጋድመው ይታያሉ፤ ማዕበሉ ለስላሳውን ስለሚበላ የኖራው ድንጋይ እንደ ጎድን አጥንት ወጥቶ ይቀራል። ዕድሜው ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው፤ ከእርከኖቹ አንዱ በጂኦሎጂስቶች ዘንድ የሚጠራው በዚህችው በሁክ ስም ነው። በፊዮርዱ ውስጥ ባለችው ሆቬዶያ ደሴት ላይ ከእንግሊዝ የመጡ መነኮሳት በ1147 የመሠረቱት ገዳም ፍርስራሽም በአብዛኛው ከዚሁ ድንጋይ የተሠራ ነው።

አባይ በረሃን ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በአውቶቡስ የተሻገረ ሰው ይህንን ድንጋይ ያውቀዋል። የዚያም ገደል መካከለኛ ክፍል የጥንት ባሕር ወለል የነበረ የኖራ ድንጋይ ነው። ሁለቱ አገሮች ሌላም ዝምድና አላቸው፤ ኦስሎ የተቀመጠችው ከ300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ተሰንጥቆ በቆመ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ሲሆን የኢትዮጵያው ስምጥ ሸለቆ ግን ዛሬም በመከፈት ላይ ነው።

ሁክ ላይ ሰዎች ከቁርስ በፊት ይዋኛሉ። ማንም የመግቢያ አይከፍልም፤ ማንም ከየት መጣህ አይልም። ይህ ልማድ በኖርዌይ በጣም የቆየ ነው፤ በጽሑፍ ሕግ የሆነው ግን በ1957 በወጣው የሜዳ ላይ ሕይወት ሕግ ነው። ሕጉ መሬትን በሁለት ይከፍላል። ግቢ፣ የታረሰ ማሳና የመሳሰለው የቤት መሬት ይባላል፤ የቀረው ጫካ፣ ተራራ፣ ረግረግና ዳርቻ የውጪ መሬት ነው። በውጪው መሬት ላይ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን ማንኛውም ሰው በእግሩ ማለፍ ይችላል። በመንገድና በእግር ዱካ ላይ በብስክሌትም ጭምር ማለፍ ይፈቀድለታል። ኖርዌጂያውያን ይህንን «የሁሉም ሰው መብት» ይሉታል። መሬቱ የባለቤቱ ሆኖ ይቀራል፤ ዛፉን የሚቆርጠውም የሚሸጠውም እሱ ነው። ከእጁ የወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም ሌላውን ሰው «አትለፍ» የማለት ሥልጣን።

በ1965 ደግሞ ሌላ ሕግ ተከተለ። ከባሕር ጠርዝ እስከ 100 ሜትር ባለው ስፋት ውስጥ አዲስ ግንባታ ተከለከለ፤ ክልከላው ዛሬ በ2008ቱ የፕላንና የግንባታ ሕግ ውስጥ ይገኛል። እዚህ ያለው ዳርቻ ከስቴቭንስ በተቃራኒ ወደ ባሕሩ የሚሄድ መሆኑ ነገሩን ይበልጥ የሚገርም ያደርገዋል። የበረዶው ዘመን ክብደት ከላዩ ከወረደለት ጀምሮ የኦስሎ ምድር ቀስ እያለ ወደ ላይ ይነሣል፤ የጥንቱ የባሕር ጠርዝ ዛሬ 220 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በኮረብታዎቹ ላይ ይገኛል። ሕጉ የሚለካው ግን ከዛሬው ውሃ ነው። መሬቱ ቢናድም ቢነሣም መብቱ ከውሃው ጋር ይሄዳል።

ሕጉ የዘገየበት ዳርቻ

ከሊሳከር ወንዝ ባሻገር ኦስሎ ታልቅና ጎረቤት ማዘጋጃ ቤቶች ይጀምራሉ። እዚህ ላይ የኖርዌይ ታሪክ እንደ ብሮሹሩ ቀጥ ብሎ አይሄድም።

መጀመሪያ ያለው ፎርኔቡ ነው። እስከ 1998 የኦስሎ ዋና አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ማረፊያው ሲዘጋ መሬቱ በመንግሥትና በኦስሎ ከተማ እጅ ስለ ነበር ውኃ ዳሩ ለሕዝብ መናፈሻና መተላለፊያ ተለቀቀ። ዛሬ ልጆች ብስክሌት የሚለማመዱት ጄቶች ይነሡበት በነበረው ሜዳ ላይ ነው። መሐንዲሱ እዚያ ሲደርስ ማርሹን አክብዶ በነፋሱ እየተገፋ በፍጥነት ነዳ።

ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ ከባሕር ተለየ። ምክንያቱ ተራራ ወይም ገደል አይደለም፤ አጥር ነው። የ1965ቱ ሕግ ሲመጣ በዚህ የፊዮርድ ክፍል ላይ ቪላዎች፣ የጀልባ ማሰሪያዎችና የበጋ ቤቶች ቀድመው ቆመው ነበር። ሕጉ አዲስ እንዳይሠራ ከለከለ እንጂ የቆመውን አላፈረሰም። ቤት ባለበት ደግሞ ግቢ አለ፤ ግቢ የቤት መሬት ነው፤ በቤት መሬት ላይ የሁሉም ሰው መብት አይሠራም። ስለዚህ የሣር ማጨጃ እዚህ የይዞታ መሣሪያ ሆነ። ሣሩን እስከ ውሃው የላጨ ባለቤት የውጪውን መሬት በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ወደ ግቢው ያስገባዋል። ማዘጋጃ ቤቶችም ከ100 ሜትሩ ክልከላ ልዩ ፈቃድ መስጠት ይችላሉ፤ ሲሰጡም ኖረዋል። በዳርቻው ላይ ያልተቋረጠ የእግር መንገድ ለማስከፈት የሚደረገው ክርክር ዓመታት ፈጅቷል። ብስክሌተኛው በዚህ መካከል ወደ ላይ ተገፍቶ በትልቁ አውራ ጎዳና ጎን፣ በጭነት መኪና ድምፅ ታጅቦ ይሄዳል። ከታች በአጥሮቹ መካከል ባሕሩ አልፎ አልፎ ብልጭ ይላል።

መሐንዲሱ ይህንን አቀበት ብዙ ጊዜ ወጥቶታል። በዚያ ቅዳሜ ግን አቀበቱን እየረገጠ ሳለ ከወትሮው የተለየ ነገር አሰበ። ኖርዌይ ሀብታም ናት፤ ፍርድ ቤቷ ይሠራል፤ ልማዱም በሕዝቡ ልብ ውስጥ አለ። ያም ሆኖ ከ60 ዓመት በፊት የተዘጋውን ዳርቻ መልሳ መክፈት አቅቷታል። አንዴ የቆመ ግንብ ዋጋ ያወጣል፤ ይሸጣል፤ ይወረሳል፤ ባንክ ያስይዙበታል። ከዚያ በኋላ ሕጉ የሚጋፈጠው አንድ ጉልበተኛ ሳይሆን ባንኮችን፣ ወራሾችንና ንጹሕ ገዢዎችን ነው። መተላለፊያን ማስከበር የሚረክሰው ግንቡ ከመሠራቱ በፊት ባለው አንድ ቀን ነው። ለእነሱ ግቢ ያ ቀን እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ የሚቆይ ነበር።

የሕዝብ መሬት፣ የግል አጥር

እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ አንባቢን ሊያስቆም የሚገባ ተቃርኖ አለ። በኖርዌይ ዳርቻው በአብዛኛው የግለሰብ ነው፤ ግለሰቡ ግን መንገደኛን መከልከል አይችልም። በኢትዮጵያ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ ሕዝቡ ግን ከሐይቁ የሚለየውን ግንብ «ክፈት» የሚልበት ግልጽ መብት የለውም። ለዓመታት የተከራከርነው መሬቱ የማን ይሁን በሚለው ላይ ነው። ማን ይለፍበት የሚለው ሌላ ጥያቄ መሆኑን ዘንግተናል። የአንደኛው መልስ የሁለተኛውን አያስገኝም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መውጫ ለሌለው ባለይዞታ በጎረቤቱ መሬት ላይ መተላለፊያ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ይህ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ጎረቤት ለጎረቤት የሚሆን እንጂ ለልብስ አጣቢዋ ወይም ለታንኳ ቀዛፊው የተጻፈ አይደለም። የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ቦታ እንዴት እንደሚተላለፍ በዝርዝር ይደነግጋል፤ መሬቱ የሚሸነሸነው በካሬ ሜትር ነው፣ የእግር ዱካ ደግሞ በካሬ ሜትር ዋጋ የለውም።

ክፍት የሆኑ ዳርቻዎቻችንን ክፍት ያደረጋቸው ሕግ ሳይሆን ልማድና እምነት ነው። ቢሾፍቱ ላይ በሐይቆቹ ዙሪያ ሆቴልና መዝናኛ በርክቷል፤ በሆራ ሐርሰዲ ዳርቻ ግን ኢሬቻ በየዓመቱ ሕዝቡን ወደ ውሃው ይመልሰዋል። በየከተማው የጥምቀተ ባሕር ቦታ የሚከበረው ታቦት ስለሚያድርበት ነው። እነዚህ ትልልቅ ቀናት ትልልቅ ቦታዎችን ጠብቀዋል። በዓል የማይከበርበት፣ ታቦት የማይወርድበት፣ በየቀኑ ጠዋት ልብስ የሚታጠብበት ዳርቻ ግን ጠባቂ የለውም።

ጣና ደግሞ የራሱ የሚንቀሳቀስ ጠርዝ አለው። ውሃው በክረምት ሞልቶ በበጋ ይሸሻል፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ የተሠራው የጨረጨራ ግድብም የውሃውን ከፍታ መቆጣጠር አስችሏል። ውሃው ሲሸሽ የሚገለጠው መሬት ይታረሳል ወይም ይታጠራል። ዩኔስኮ የጣናን አካባቢ በ2015 በባዮስፌር ክልልነት መዝግቦታል፤ እምቦጭ ደግሞ ከ2011 ጀምሮ በሐይቁ ላይ ተስፋፍቷል። ዓለም የመዘገበው ሐይቅ ጠርዙ የት እንደሆነ፣ ከጠርዙ ስንት ሜትር ለሕዝብ እንደሚቀር በግቢው በር ላይ ላለ ሰው በቀላሉ የሚነገር ቁጥር ያስፈልገዋል።

«እኔ ማዘጋጃ ቤት ነኝ?»

ስሌመስታድ ሲደርስ ከቀኑ 6 ሰዓት አልፎ ነበር። ከተማዋ የኖረችው በኖራ ድንጋይ ነው፤ በ1888 የተቋቋመው የሲሚንቶ ፋብሪካ እስከ 1989 ድረስ ድንጋዩን እየፈጨ የኦስሎን ግንቦች አቁሟል። አሁን ጂኦሎጂ የሚያጠኑ ተማሪዎች በዳርቻው ላይ ጎንበስ ብለው የጥንት ባሕር ፍጥረታትን ቅሪት ይፈልጋሉ። መሐንዲሱ ብስክሌቱን አጋደመ፤ ቡናውን ቀዳ። ባሕር ዳር ሊሠራ የታሰበው ግንብም ከኖራ ድንጋይ በተሠራ ሲሚንቶ እንደሚቆም፣ ምናልባትም ከሙገር ሸለቆ በመጣ ሲሚንቶ እንደሚሆን አሰበ። ከዚያ ደወለ።

«እትዬ፣ እንዴት ዋልሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። የት ነህ? ንፋስ ይሰማኛል።»

«በብስክሌት ወጥቼ ነው። ባሕር ዳር ነኝ።»

ሳቀች። «የትኛው ባሕር ዳር? እኔ ያለሁበት ቢሆን ኖሮ ምሳ ሠርቼ በጠበቅኩህ።»

ስለ ግንቡ ሲያነሣ ድምፅዋ ረጋ አለ። መንገዱ ሊዘጋ እንደሆነ ነገራት፤ አባታቸው ለማንም ዘግተው እንደማያውቁ አስታወሳት፤ በኖርዌይና በፈረንሳይ ያለውን ነገራት። እስኪጨርስ አላቋረጠችውም።

«እኔ መንገዱን አጥቼው ነው?» አለች ከዚያ። «በየቀኑ ከፊቴ ነው። ጎረቤቶቻችን ሁሉ አጥረው ጨረሱ፤ ሰዉ ሁሉ በእኛ በኩል ሆነ። ቆሻሻውን የምጠርገው እኔ ነኝ። ጊዜው እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ፤ ሌሊት እግር በሰማሁ ቁጥር ተነሥቼ የምቀመጠው እኔ ነኝ። አንተ በምታልፍበት ዳርቻ ቆሻሻውን የሚያነሣው ማን ነው?»

«ማዘጋጃ ቤቱ።»

«ታዲያ እኔ ማዘጋጃ ቤት ነኝ?»

መሐንዲሱ መልስ አልነበረውም። እህቱ ለብዙ ዓመታት በየስብሰባው ያቀረበውን ክርክር ግማሽ ጎዶሎ ሆኖ አግኝታዋለች። ባለፈበት ዳርቻ ሁሉ ከመብቱ ጋር የቆሻሻ መጣያ፣ መጸዳጃ ቤት፣ የታጨደ ዳርና የሚጠገን መሰላል ነበር። በፊዮርዱ ዙሪያ ያሉ ማዘጋጃ ቤቶችን የሚያስተባብር የሜዳ ሕይወት ምክር ቤት ከ1933 ጀምሮ አለ፤ ቦታ ለሕዝብ ያስከብራል፣ ይንከባከባል። ፊዮርዱ ራሱ ታሟል፤ በ2019 በውስጠኛው ክፍል ኮድ የተባለውን ዓሣ ማጥመድ ተከልክሏል። መሐንዲሱ ደመወዝ የሚበላውም ከከተማ ፍሳሽ ናይትሮጅን የሚያወጣ ሥራ ላይ ነው። እዚያ የሁሉም ሰው መብት የሁሉም ሰው ወጪ አለው፤ ወጪው በግብር ተከፋፍሎ ማንም ለብቻው አይሸከመውም።

በጀት የሌለው የመተላለፍ መብት ግን ሸክሙን የሚጥለው ባላጠረው የመጨረሻ ሰው ላይ ነው። አሥር ጎረቤቶች ሲያጥሩ የአሥሩም መንገደኛ በአሥራ አንደኛው ግቢ ያልፋል። አሥራ አንደኛዋ እህቱ ናት። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ግንብ የስግብግብነት ብቻ ምልክት አይደለም። ማንም የማያግዛት ሴት የድካም ውሳኔም ሊሆን ይችላል። ከሩቅ ሆኖ በሰው ጉልበት ቸር መሆን ደግሞ ቀላል ነው፤ ውጭ ያለ ወገን ሁሉ ራሱን ሊጠይቅበት የሚገባ ቅለት ነው።

«እሺ እትዬ፣» አለ በመጨረሻ። «ግንቡ ይሠራ። ግን ከጠርዙ ሦስት ሜትር ወደ ውስጥ ይግባ። ሦስቱ ሜትር እስከ ውሃው መንገድ ሆኖ ይቅር። ከኪራዩ የሚደርሰኝ ድርሻ ለመንገዱ ይዋል፤ ለሚጠርገው ሰው፣ ለመብራት። አንቺ ከእንግዲህ አትጥረጊም።»

ጥቂት ዝም አለች። «ሦስት ሜትር፤» አለች። «ላም ከነጥጃዋ ታልፋለች። ባለሀብቱ እምቢ ቢልስ?»

«ጠይቂው። እምቢ ካለ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

«እጠይቀዋለሁ። ግን በአፍ አይሆንም። ጻፈውና ላክልኝ፤ ከውሉ ጋር ይያያዝ። አንተ ነገ ሐሳብህን ብትለውጥ ወይ አንድ ነገር ብትሆን ልጆችህ ይህንን መንገድ አያውቁትም። የእኔም ልጆች ዛሬ ደኅና ናቸው፣ ነገን ማን ያውቃል?»

ትምህርቷ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። የ1957ቱን ሕግ የጻፉት ሰዎች ግን ከዚህ የተለየ ነገር አላሉም። የባለቤቱ ደግነት ከባለቤቱ ጋር ይሞታል፤ መንገደኛው የሚያስፈልገው ከባለቤት ባለቤት የሚሻገር ወረቀት ነው። የሦስት ወንድማማችና እህትማማች ውል ሕግ አይደለም፤ የባሕር ዳርን ዳርቻ አይከፍትም፤ በሁለቱም ጎን ያሉት ግንቦች ባሉበት ይቆማሉ። አንድ ከተማ ግን አንድ ቀን «ሦስት ሜትር» ብላ ብትደነግግ፣ ለጠራጊውም በጀት ብትመድብ፣ ይቻላል ለማለት የምትጠቅሰው አንድ ግቢ ይኖራታል።

መሐንዲሱ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ብስክሌቱን በዳርቻው መንገድ ላይ አግድም አቆመው። ከጎማ እስከ ጎማ 1 ሜትር ከ80 ገደማ ነው። መንገዱ ከአንድ ብስክሌት ብዙም አይሰፋም ነበር፤ ሆኖም እሱ በቆመበት ጊዜ ውስጥ ጋሪ የምትገፋ እናት፣ ዱላ የያዙ ሁለት ሽማግሌዎችና እርጥብ ውሻ አልፈዋል። ከዚያ ቡናው እስኪያልቅ ድረስ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ የውሉን አባሪ በስልኩ ጻፈ። አንድ ገጽ አልሞላም። የመጀመሪያው መስመር የመንገዱን ስፋት፣ ሁለተኛው ርዝመቱ እስከ ውሃው ጠርዝ መሆኑን፣ ሦስተኛው ውሃው ሲሸሽ መንገዱም ተከትሎት እንደሚወርድ ይናገራል።

ለእህቱም ለታናሽ ወንድሙም ላከው፤ ፊቱን ወደ ኦስሎ አዙሮም መንዳት ጀመረ። አቀበቱ ላይ ሲደርስ ስልኩ አንድ ጊዜ ጮኸ። እህቱ ናት፤ «ደርሶኛል» ትላለች። ወንድማቸው እስከ ማታ ድረስ አልመለሰም።